«መንፈስ» ስንል ማንን ማለታችን ነው?

(በሬድዮ የተላለፈ መልእክት፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ)

በመሐል ሜዳም ሆነ በሞላሌ፣ በራቤልም ሆነ በዓለም ከተማ እሳት ዳር ተቀምጣችሁ በሬድዮ ለሰማችሁኝ፣ አሁን ደግሞ ይህችን ትንሽ ጽሑፍ በእጃችሁ ለያዛችሁ ሁሉ፣ እንደ አንድ ቤተሰብ ላዋራችሁ ፈልጌአለሁ። ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ቃል ነው። ቃሉን በየቀኑ እንጠራዋለን። በጸሎት እንጠራዋለን፣ በፍርሃት እንጠራዋለን፣ በቀልድም እንጠራዋለን። ቃሉ «መንፈስ» ነው።

ነገሩ የተነሣው ከአንድ የስልክ ጥያቄ ነው። በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የሚማር አንድ ወንድም ደወለልኝና፣ «ፓስተር፣ አንድ ነገር ግራ ገብቶኛል» አለኝ።

«ምነው? ምን ሆንክ?» አልኩት።

«የውጭ አገር መዝሙር በስልኬ እሰማለሁ። ዘማሪዎቹ ‹ሆሊ ጎስት› ይላሉ። እዚህ ዶርም ውስጥ ግን ልጆቹ ‹ጎስት› የሚሉት በፊልም ላይ ሌሊት እየመጣ ሰው የሚያስደነግጠውን የሙት መንፈስ ነው። አንዱ ጓደኛዬ ‹እናንተ ጴንጤዎች የምታመልኩት የሙት መንፈስ ነው እንዴ?› ብሎ ሳቀብኝ። መልስ አጣሁ።»

እኔም በስልኩ ውስጥ ሳቅሁ። ማታ ግን እንቅልፍ ነሣኝ። ልጁ የጠየቀኝ ስለ እንግሊዝኛ ነው፤ ጌታ ግን በዚያ በኩል አድርጎ ስለ እኔ አፍ ጠየቀኝ። እስቲ አብረን እንየው።

ሁለት ቃላት ወንበር ሲቀያየሩ

መጀመሪያ ለወንድሜ የሰጠሁትን መልስ ልንገራችሁ። «ጎስት» የሚለው ቃል ድሮ እንዲህ የሚያስፈራ ቃል አልነበረም። በጥንቱ እንግሊዝኛ ትርጉሙ እስትንፋስ፣ ነፍስ፣ መንፈስ ማለት ነበር። የእንግሊዝኛ የሥጋ ዘመድ የሆነው ጀርመንኛ እስከ ዛሬ ድረስ መንፈስን «ጋይስት» ይለዋል፤ መንፈስ ቅዱስንም በዚሁ ቃል ይጠራዋል። በ1611 በንጉሥ ጄምስ ዘመን የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስም በአብዛኛው «ሆሊ ጎስት» ብሎ ጻፈ። ያን ጊዜ ያነበበው ሰው አልደነገጠም፤ ቃሉ የተከበረ ቃል ነበርና።

አሁን አንድ የሚገርም ነገር ላሳያችሁ። ማቴዎስ 14፥26ን ታስታውሳላችሁ። ጌታ በሌሊት በባሕር ላይ ሲራመድ ደቀ መዛሙርቱ ያዩትና በፍርሃት ይጮኻሉ። ያው የ1611 መጽሐፍ እዚህ ቦታ ላይ «ጎስት» አይልም፤ «ስፒሪት ነው ብለው ጮኹ» ይላል። የዛሬዎቹን የእንግሊዝኛ ትርጉሞች ብትከፍቱ ደግሞ ተገላብጦ ታገኙታላችሁ። መንፈስ ቅዱስን «ሆሊ ስፒሪት» ይሉታል፤ ደቀ መዛሙርቱን ያስጮኻቸውን ነገር ደግሞ «ጎስት ነው አሉ» ይላሉ። አያችሁ? ሁለቱ ቃላት ወንበር ተቀያየሩ! ከፍ ያለው ወረደ፣ የተራው ከፍ አለ። በ1901 አሜሪካ ውስጥ የታተመው እርማት «ሆሊ ስፒሪት» እያለ መጻፉ ያለ ምክንያት አይደለም። ሕዝቡ «ጎስት» ሲባል መቃብር እንጂ እግዚአብሔር አይታየውም ነበርና።

ዛሬማ ቃሉ ጭራሽ ሌላ ሆኗል። ወጣቶቻችን፣ አንዷ ልጅ ለአንዱ መልእክት መመለስ ድንገት ካቆመች፣ «ጎስት አደረገችኝ» ይላሉ። በባዕድ አገር ሰው ሁሉ ጥሎት የሄደው ባዶ ከተማ «የጎስት ከተማ» ይባላል። በደመወዝ መዝገብ ላይ ስሙ ብቻ ያለ፣ ሥራ ገበታው ላይ የማይታይ ሰው «የጎስት ሠራተኛ» ይባላል። ያ ድሮ የእግዚአብሔርን መንፈስ የተሸከመ ቃል፣ ዛሬ የሌለ ነገር መጠሪያ ሆነ። ስም አለው፣ አካል የለውም።

ልብ በሉ፤ መንፈስ ቅዱስ አልተለወጠም። የተለወጠው የሰው አፍ ነው። አፋችን አንድን ቅዱስ ቃል እንዲህ አውርዶ መጣል የሚችል ከሆነ፣ እኛስ በአማርኛችን ምን እያደረግን ነው?

ነፋስ፣ ነፍስ፣ እስትንፋስ፣ መንፈስ

ቋንቋችን እግዚአብሔር የሰጠን በረከት ነው። እነዚህን አራት ቃላት ጮክ ብላችሁ አንብቡአቸው፦ ነፋስ፣ ነፍስ፣ እስትንፋስ፣ መንፈስ። አራቱም የአንድ እናት ልጆች ናቸው። በብሉይ ኪዳን ዕብራይስጥ «ሩአኽ»፣ በአዲስ ኪዳን ግሪክ «ፕኔውማ» የሚለው ቃል ነፋስም፣ እስትንፋስም፣ መንፈስም ይባላል። ጌታ ለኒቆዲሞስ በዮሐንስ 3 ላይ ከመንፈስ ስለ መወለድ ሲያስተምረው ነፋስን ምሳሌ ያደረገው ለዚህ ነው። እንግሊዛዊው ይህን ለመረዳት አስተማሪ ያስፈልገዋል። የመንዝ እረኛ ግን በጆሮው ይሰማዋል።

ጓሳ ላይ ቆሞ የሚያውቅ ሰው አለ? የጓሳው ሣር አንድ ላይ ወደ አንድ ወገን ሲተኛ አይታችኋል? ነፋሱን ማንም አላየውም፤ ነገር ግን ማንም «የለም» አይልም። በርኖሱን ጠበቅ ያደርጋል እንጂ! መንፈስ ቅዱስም እንዲሁ ነው። እርሱ በፊልም ላይ የሚታይ ጥላ አይደለም፤ ሕያው ነው፤ በመጣበት ቦታ የተኛው ይነሣል፣ የደረቀው ይለመልማል።

የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱሳችን ተርጓሚዎችም አስተዋዮች ነበሩ። በ1954 ዓ.ም. የታተመውን ብታነቡ፣ ማቴዎስ 14 ላይ ደቀ መዛሙርቱ ያዩ የመሰላቸውን «ምትሐት» ብለውታል። ከትንሣኤው በኋላ ደግሞ በሉቃስ 24 ጌታ ሲገለጥ መንፈስ ያዩ መስሏቸው እንደ ደነገጡ እናነባለን። ታዲያ ጌታ ምን አደረገ? እጁንና እግሩን አሳያቸው። «ዳስሱኝ» አላቸው። ይህ አልበቃ ሲል የሚበላ ነገር ጠየቀ፤ የተጠበሰ ዓሣ ሰጡት፤ ፊታቸው በላ። ምትሐት አይበላማ! ጌታችን ሰዎች በእርሱ ላይ የለጠፉትን የፍርሃት ስም በትዕግሥት ነቀለው። ይህን አስታውሱልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

በአፋችን ላይ ያሉ መናፍስት

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። እኛ ደገኞች የመናፍስት ስም አናጣም። ቆሌ አለ፣ አድባር አለ፣ ውቃቢ አለ፣ ዛር አለ፣ ጂኒ አለ፣ ጋኔን አለ፣ ቡዳ አለ፣ ጥላወጊ አለ። «ዛር» የሚለው ቃላችን እንዲያውም አገር አቋርጦ በሱዳንና በግብፅ ሰፈሮች ሳይቀር ይነገራል። ዛር ያለበት ሰው በባለ ዛሮች ቋንቋ «ፈረስ» ይባላል። እስቲ አስቡት፤ በእግዚአብሔር መልክ የተፈጠረ ሰው የሌላ መጋለቢያ ሆኖ ይቆጠራል!

ብዙዎቻችን ጌታን ስናገኝ ጨሌውን ቆርጠን ጥለናል። አድባር ሥር ቡና ማፍላትና ዶሮ ማረድ ትተናል። እግዚአብሔር ይመስገን። ቃሉ ግን አፋችን ላይ ቀርቷል። የደነገጠውን «ቆሌው ተገፈፈ» እንላለን። ያልወደድነውን ሰው «ውቃቢዬ አልወደደውም» እንላለን። የተቆጣችውን «ዛሯ ተነሣ» እንላለን። ኳስ የሚወደውን «የኳስ ልክፍት አለበት» እንላለን። የተከበረውን ሽማግሌ «የአገር አድባር» እንለዋለን። አብዛኛው ቃል ዛሬ ሥሩ ተነቅሎ ቅጠሉ ብቻ የቀረ ነው፤ የሚናገረውም ሰው ቆሌ አያመልክም። እኔ «የአገር አድባር» ያሉትን ሰው ንስሐ ግቡ ብዬ አላስጨንቅም። ቋንቋ እንዲህ ነው።

ከእነዚህ ቃላት ውስጥ ግን አንዳንዶቹ ቅጠል ብቻ አይደሉም። ሥራቸው አልተነቀለም። እስከ ዛሬ ሰው ያቆስላሉ። «ከአፍ የወጣ አፋፍ» ይባል የለ? እኛ የአፋፍ አገር ሰዎች ነን፤ ከገደል የወደቀ ነገር እንደማይመለስ እናውቃለን። ከእነዚህ ቃላት አንዱ «ቡዳ» ነው።

«ማን በላህ?»

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ታላቅ ወንድሜ ዐሥራ አራት ዓመቱ ነበር። በዚያ ዓመት ደጋው ላይ ገብሱን ውርጭ መታብን። ወንድሜ ከጎረምሶች ጋር ሆኖ የቀን ሥራ ፍለጋ ወደ ቆላ፣ ወደ ጀማ ወረደ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሰ። መንደራችን ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ደክሞት አንዲት ሸክላ ሠሪ ደጅ ላይ ተቀመጠ። ሴትየዋ አየችው፤ አዘነችለት፤ በጣሳ ውሃ ሰጠችው፤ ጋቢዋን አልብሳ እስከ ቤታችን አደረሰችው።

ስሟን አልጠራም። ልጆቿ በሕይወት አሉ።

ሌሊቱን ወንድሜ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ነደደ፤ ከዚያ በላብ ተዘፈቀ። በነጋታው ደህና መሰለ፤ ማታ ደግሞ ያው። ዛሬ ማንኛውም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይህን ብትነግሯት «ቆላ ወርዶ ነበር?» ብላ ትጠይቃችኋለች። ንዳድ ነው፤ ወባ። ያኔ ግን አንዱ ጎረቤት «የማን ውሃ ጠጣ?» አለ። በቃ። አለቀ።

እሳት ላይ ጭስ አጨሱ። ወንድሜን ጋቢ ከልለው በጭሱ ላይ ደፉት። «ማን በላህ? ተናገር! ማን በላህ?» እያሉ ጮኹበት። በትኩሳት የሚቃዥ ልጅ ነው። ያቺን ውሃ የሰጠችውን ሴት ጠራ። ምናልባት ውሃ እየለመናት ነበር፤ እግዚአብሔር ያውቃል። እኔ ከምሰሶው ጀርባ ቆሜ ሰምቻለሁ። ሰዎቹ ግን የፈለጉትን ስም አገኙ።

ወንድሜ በአምስተኛው ቀን ሞተ። ሴትየዋ ከልጆቿ ጋር በሌሊት አገር ጥላ ሄደች። ጎጆዋ ተቃጠለ። እናቴ እንጀራ የምትጋግርበት ምጣድ የዚያች ሴት እጅ ሥራ ነበር። ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ በዚያ ምጣድ የተጋገረ እንጀራ በላ። ምጣዷን በላንበት፤ እሷን ግን «በላችን» አልናት።

ወገኖቼ፣ ይህ የእኔ ቤት ብቻ ታሪክ አይደለም። ሮናልድ ሬሚኒክ የሚባል አሜሪካዊ የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ መንዝ ድረስ መጥቶ ስለ ቡዳ እምነት አጥንቶ በ1974 እ.ኤ.አ. ጽፏል። እኛ የምናውቀውን ነው የጻፈው። «ቡዳ» የሚባለው ሁልጊዜ ማን ነው? ባለ ርስቱ አይደለም። ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩ፣ ፋቂው፣ ሸማኔው ነው፤ መሬት የሌለው ነው፤ እጁን አምኖ የሚኖረው ነው። ማረሻችንን የሚሠራልን፣ ድስታችንን የሚሠራልን እርሱ ነው፤ «ሌሊት ጅብ ይሆናል» የምንለውም እርሱን ነው። አዲስ አበባ ቀጨኔ ያሉ ሸክላ ሠሪዎችም ይህን ስም ለትውልድ ተሸክመውታል። እግዚአብሔር ግን በኤርምያስ 18 ላይ ራሱን ከማን ጋር አመሳሰለ? ከሸክላ ሠሪ ጋር። ጌታችንስ በማርቆስ 6፥3 ምን ተባለ? በእጁ የሚሠራ ሙያተኛ። እኛ መንደር ቢወለድ ኖሮ ውሃውን እንጠጣለት ነበር?

እኔ ማይክ ይዤ

አሁን የሚከብደኝን ልናገር። እስካሁን የተናገርኩት ስለ መንደሬ ነው። የሌላውን ኃጢአት መናገር ቀላል ነው።

ጌታን ተቀበልኩ። መጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ገባሁ፤ ተመረቅሁ። የሃያ ሰባት ዓመት ወጣት ሆኜ በአንዲት ከተማ ጉባኤ ላይ እንዳገለግል ተጠራሁ። የመጨረሻው ቀን የነፃ ማውጣት ጸሎት ነበር። አንዲት ዐሥራ ስድስት ዓመት የሚሆናት ልጅ መሬት ላይ ወድቃ ተንፈራገጠች። ይዘው ወደ መድረኩ አመጧት። እኔም ማይኩን አፏ ላይ ደቅኜ፣ «ማን ነህ? በማን በኩል ገባህ? ተናገር!» አልኩ። ሕዝቡ በኢየሱስ ስም እያለ ይጮኻል። ልጅቷ ዝም አለች። እኔ ደገምኩ፤ ሠለስኩ። በመጨረሻ «በአክስቷ!» የሚል ድምፅ ወጣ።

አክስቷ ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ልጅቷን ይዛ የመጣችው እርሷ ነበረች።

አንድ ሺህ ዓይን ወደዚያች ሴት ዞረ። እኔ የዚያን ቀን ድል የተቀዳጀሁ መስሎኝ ወደ ማረፊያዬ ገባሁ። ሴትየዋ ግን እንጀራ ጋግራ እየሸጠች የምትተዳደር ነበረች። ከዚያ ቀን በኋላ ማንም አልገዛትም። ወንድሟ ደጁን ዘጋባት።

ልጅቷስ? መውደቋን አላቆመችም። ከብዙ ወራት በኋላ አንዲት ነርስ የሆነች እህት ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። የሚጥል በሽታ ነው ተባለ፤ ክኒን ተሰጣት። ክኒኑን በየቀኑ እየዋጠች ስትከታተል መውደቁ እየራቀ ሄደ። ከዓመታት በኋላ አገኘኋት። እንዲህ አለችኝ፦ «ፓስተር፣ ያን ቀን ሁላችሁም የምትጠብቁት ስም ነበር። ዓይኔን ስገልጥ ያየሁት የአክስቴን ፊት ነበር። ሌላ ማንንም አላየሁም።»

ያን ጊዜ ከምሰሶው ጀርባ የቆመው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ትዝ አለኝ። «ማን በላህ?» እና «በማን በኩል ገባህ?» — ልዩነታቸው ምንድን ነው? ጭሱን በማይክ ቀየርኩት። ቃሉን ከ«ቡዳ» ወደ «መንፈስ» ቀየርኩት። ልማዱ ግን ያው የመንደሬ ልማድ ነበር። ወንድሜን የገደለውን ልማድ የጌታን ስም አልብሼ መድረክ ላይ አወጣሁት።

ጌታ ምን አደረገ?

አትሳሳቱብኝ። አጋንንት የሉም እያልኩ አይደለም። አሉ። ጌታችን አውጥቷቸዋል፤ ዛሬም በስሙ ይወጣሉ፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ጥያቄው «አሉ ወይስ የሉም?» አይደለም። ጥያቄው «የማንን ምስክርነት ነው የምንቀበለው?» የሚል ነው።

ማርቆስ 1ን አንብቡ። በቅፍርናሆም ምኩራብ ርኩስ መንፈስ ያለበት ሰው ጮኸ። የተናገረው ነገር እውነት ነበር፤ የኢየሱስን ማንነት ነው የተናገረው። ጌታ ግን ዝም አሰኘው። እውነት እንኳ ቢሆን ከዚያ አፍ አልፈለገውም! በጌርጌሴኖን በማርቆስ 5 አንድ ጊዜ ስሙን ጠየቀው። «ማን ላከህ? በየትኛው ጎረቤት ገባህ?» ግን አላለም። ጳውሎስም በፊልጵስዩስ በሐዋርያት ሥራ 16 ላይ የምዋርተኛይቱን ልጅ ምስክርነት አልተጠቀመበትም፤ መንፈሱን አስወጣው እንጂ። ጌታ ዲያብሎስን የሐሰት አባት ብሎታል (ዮሐ. 8፥44)። ታዲያ የሐሰት አባትን ማይክ ሰጥተን የሰው ስም የምናስጠራው ምን ሆነን ነው?

ማርቆስ 9 ላይ አባቱ ያመጣውን ልጅ ተመልከቱ፤ እሳት ውስጥም ውሃ ውስጥም የሚወድቀውን። ጌታ አባትየውን የጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህ ከያዘው ስንት ጊዜ ሆነው አለው። ሐኪም እንደሚጠይቀው ጠየቀ። የቤቱን ችግር በርኅራኄ ጠየቀ። «ማነው ያደረገበት?» አላለም።

ከሳሹና ጠበቃው

አሁን ወደ መልእክቴ ልብ ደርሻለሁ። «ሰይጣን» የሚለው ቃል ከዕብራይስጥ የመጣ ነው። ትርጉሙ ባላጋራ፣ ከሳሽ ማለት ነው። ራእይ 12፥10 ወንድሞችን ቀንና ሌሊት የሚከስስ ይለዋል። ሥራው መክሰስ ነው። ጣት መቀሰር ነው።

መንፈስ ቅዱስ ደግሞ በዮሐንስ 14 ምን ተብሎ ተጠራ? በግሪኩ «ፓራክሊቶስ»፤ አባቶቻችን በግዕዝ «ጰራቅሊጦስ» ያሉት ነው። መጽሐፍ ቅዱሳችን «አጽናኝ» ይለዋል። ቃሉ ሲፈታ ከተከሳሽ ጎን እንዲቆም የተጠራ ማለት ነው። ጠበቃ!

አያችሁ? አንዱ መንፈስ ይከስሳል፤ ሌላው መንፈስ ከተከሳሹ ጎን ይቆማል። ታዲያ በአንድ ጉባኤ ውስጥ የትኛው መንፈስ እየሠራ እንደሆነ በጩኸቱ ብዛት ወይም በሚወድቀው ሰው ቁጥር አትለዩት። ጉባኤው ሲያበቃ አንዲት ድሃ ሴት በሺህ ዓይን ተወግራ ወደ ቤቷ ከሄደች፣ የትኛው መንፈስ ሠራ? መልሱን ለራሳችሁ መልሱ። እኔ ለራሴ በእንባ መልሼዋለሁ።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ዛሬ በቤተ ክርስቲያን «መንፈስ» የማንለው ነገር ምን ቀረ? ያንቀላፋውን «የእንቅልፍ መንፈስ»፣ ሥራ ያጣውን «የድህነት መንፈስ»፣ ያላገባችውን «የማዘግየት መንፈስ» እንላለን። ሰው ሰነፍ ከሆነ ስንፍናውን ይናዘዝ፤ ካዘነ እናጽናናው፤ ከታመመ እናሳክመው፤ ሥራ ካጣ እንርዳው። ሁሉን «መንፈስ» ካልን፣ እንግሊዞቹ «ጎስት»ን እንዳደረጉት እኛም «መንፈስ»ን ባዶ እናደርገዋለን። ልጆቻችን አንድ ቀን ቃሉን ሲሰሙ ጌታ አይታያቸውም፤ ፍርሃት ብቻ ይታያቸዋል።

ሐዘን ላይ ላላችሁም አንድ ቃል አለኝ። በዚህ በከፋ ዘመን ለቅሶ ያልገባበት ቤት ጥቂት ነው። «የሞተው ልጄ ሌሊት መጣ፣ ደጅ ላይ ድምፁን ሰማሁ» የምትሉ እናቶች አላችሁ። ሐዘን ድምፅ ያሰማል፤ አታፍሩበት። ነገር ግን ሙት እናናግራለን ወደሚሉት አትሂዱ። ሳኦል በ1ኛ ሳሙኤል 28 ወደ ዓይንዶር ሄዶ ምን አተረፈ? ከሄደበት ይልቅ ሰባራ ሆኖ ተመለሰ። የሞቱት በእግዚአብሔር እጅ ናቸው፤ በሌሊት እየዞሩ አይለምኑንም። እኛ ሙት አንጠራም፤ ሙታንን የሚያስነሣውን እንጠራለን።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ «ቡዳ» የሚለውን ቃል ከቤታችሁ አውጡ፤ በቀልድም ቢሆን። ልጆቻችሁ ይሰማሉ። እኔ ከምሰሶ ጀርባ ሰምቻለሁ።

ሁለተኛ፣ ሰው ሲታመም ጸልዩ፤ ጸልያችሁም ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ጸሎትና ክኒን አይጣሉም። ክኒን የጀመረን ሰው ማንም አገልጋይ «ጣለው» ቢለው አትስሙት። እኔም ብል አትስሙኝ።

ሦስተኛ፣ ለታመመ ሰው ስትጸልዩ የጎረቤት ስም አትጠይቁ። የምንጠራው ስም አንድ ነው፤ ኢየሱስ ነው።

አራተኛ፣ በአፋችሁ ያቆሰላችሁት ሰው ካለ ሂዱና ይቅርታ ጠይቁ። እኔ ሄጃለሁ። ያቺ እንጀራ ሻጭ ሴት ደጇ ላይ ተቀብላኝ ቡና አፈላችልኝ። «ይቅር ብዬሃለሁ ልጄ» አለችኝ። እስከ ዛሬ ግን ቤተ ክርስቲያን አልመጣችም። «እዚያ ስገባ ሁሉም የሚያየኝ ይመስለኛል» ትላለች። ስሟን ያጠፋሁት በማይክ ነው፤ ይቅርታ የጠየቅሁት ግን ደጇ ላይ ብቻዬን ነው። ስለዚህ ዛሬ በሬድዮ፣ አሁንም በዚህ ጽሑፍ፣ በሰው ሁሉ ፊት እላለሁ፦ እናቴ ሆይ፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ አንቺ በደል አልነበረብሽም።

ሸክላ ሠሪዋን ግን አላገኘኋትም። ከመሞቷ በፊት አልደረስኩላትም። ልጇን በገበያ ቀን አገኘኋት፤ ጀበና ትሸጣለች። የማን ወንድም እንደሆንኩ ነገርኳት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ፣ «እናቴ እስክትሞት ድረስ ‹ያ ልጅ ውሃ ጠምቶት ነበር› ትል ነበር» አለችኝ።

ወገኖቼ፣ ጌታ በማቴዎስ 10፥42 አንድ ጽዋ ቀዝቃዛ ውሃ ያጠጣ ዋጋው እንደማይጠፋበት ተናግሯል። እኛ ቡዳ ያልናት ሴት፣ ጌታ ዋጋ አለው ያለውን ሥራ ሠርታ ነበር።

አብረን እንጸልይ

ጌታ ኢየሱስ ሆይ፣ በባሕር ላይ መጥተህ ምትሐት ነህ ሲሉህ አልተቆጣህም፤ «አትፍሩ» አልህ እንጂ። ፍርሃታችንን ገሥጸው። በፍርሃት በሰው ላይ የለጠፍነውን ስም ይቅር በለን። ከሳሹን ዝም አሰኝልን። ጠበቃችን መንፈስ ቅዱስ ሆይ፣ በአፋችን ላይ ተቀመጥ፤ እንደ ነፋስ በደጋችን ላይ ንፈስ፤ የተሰበረውን አንሣ፣ የተባረረውን መልስ። ይህን የሚያነብ፣ ስሙ የጠፋበት ሰው ካለ፣ ዛሬ በእውነተኛ ስሙ ጥራው፤ «ልጄ» በለው። በኢየሱስ ስም፤ አሜን።

ይህን ጽሑፍ አንብበው ሲጨርሱ ለጎረቤትዎ ያካፍሉ። ጌታ ይባርካችሁ።